ሳንባ መግል ሲቋጥር
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጸሐፊያችን ባለፈው ወር እቤታችን ድረስ መጥተው፣ «በዘንድሮው ጉባኤ ላይ ስለ ጤና ጥቂት ቃል ይናገሩልን፤ ኋላም ለመጽሔታችን እንዲሆን በጽሑፍ አድርገው ይስጡን» ባሉን ጊዜ፣ እኛ ምን እናውቃለን ብለን መልሰናቸው ነበር። ስድስተኛ ክፍል ጨርሰን ከትምህርት ቤት የወጣን ሰው ነን፤ ሐኪምም አይደለንም። ዳሩ ግን ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በ2010 ዓ.ም. ጡረታ እስክንወጣ ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የፓቶሎጂ ክፍል መዝገብ ያዥና የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ሆነን ስለኖርን፣ ሐኪም ሲናገር ሰምተን የጻፍነው ነገር በጆሯችንም በእጃችንም ቀርቷል። እሱኑ እናካፍላችኋለን። ስሕተት ቢገኝበት የኛ እንጂ የሐኪሞቹ አይደለም።

ይህን ርዕስ የመረጥንበት ምክንያት አለ። ባለፈው ክረምት እዚሁ ቡራዩ በአንድ ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ አባላችን ሲያስሉ በጎናቸው የነበሩት ሰዎች ወንበራቸውን እየጎተቱ ሸሹ። ቡና ሲዞር የሳቸው ሲኒ ለብቻው ተለይቶ ከወንበር ሥር ተቀመጠ። ሰውየው አዩ፤ ምንም አልተናገሩም፤ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ። በማግሥቱ ቀብር አልመጡም፤ ቅጣት ተጻፈባቸው። ቅጣቱ በደንቡ መሠረት ነው፣ በሱ አንከራከርም። ነገር ግን «ነቀርሳ ነው» ብሎ የወሰነው ማነው? ማን መርምሯቸው? እኛም ብንሆን በዚያች ደቂቃ ዝም ብለን ቡናችንን ጠጥተናል። ዝም ማለት እንደማይገባን ግን ከማንም ይልቅ እኛ ማወቅ ነበረብን፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

የፓቶሎጂ ክፍል ማለት ከሰው አካል በቀዶ ሕክምና የወጣ ነገር ሁሉ፣ ዕጢም ይሁን ትርፍ አንጀት፣ ምንነቱ የሚመረመርበት ክፍል ነው። ፎርማሊን ውስጥ ተነክሮ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ተደርጎ፣ ከማዘዣው ወረቀት ጋር ይመጣል። እኛ ቁጥር እንሰጠዋለን፤ በትልቁ መዝገብ እንጽፈዋለን። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ጓንታቸውን አጥልቀው ይቆርጡታል፤ እየቆረጡም ይናገራሉ፤ እኛ እንጽፋለን። ውጤቱ ዘወትር ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው «በዐይን ሲታይ» የሚለው ነው፤ መጠኑ፣ ቀለሙ፣ ጥንካሬው፣ አንዳንዴም ሽታው ይጻፋል። ሁለተኛው «በማይክሮስኮፕ ሲታይ» የሚለው ሲሆን፣ እሱ ከቀናት በኋላ ነው የሚመጣው። የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ነበርና እኛ መጀመሪያ ላይ ፊደሉን እንጂ ፍሬ ነገሩን አናውቅም ነበር። ይኸው ምን ይደረግ፣ ሰው የማያውቀውን ነገር እየጻፈ ዓመታት ይበላል።

አሁን ስለ ደህናው ሳንባ እንናገር። በኦሮምኛም «ሶምባ» ነው የሚባለው፤ ቃሉ አንድ ነው ማለት ይቻላል። በግ ሲታረድ ሁላችንም አይተነዋል። ቀላል ነው፤ ውኃ ላይ ቢጥሉት ይንሳፈፋል፤ በጣት ሲጫኑት ውስጡ ያለው አየር ጭር ጭር ይላል። የሰውም እንደዚያው ነው። ቀኙ ሦስት ክፍል፣ ግራው ሁለት ክፍል አለው፤ ግራው ያነሰው ለልብ ቦታ ሲለቅ ነው። የሕፃን ሳንባ ነጣ ያለ ሮዝ ነው። የአዋቂ ግን ግራጫ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ይጣልበታል። በተለይ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእንጨትና በኩበት ጢስ ላይ እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ የእናቶቻችን ሳንባ ጥላሸት እንደነካው ነው። ይህን ስንጽፍ ሁልጊዜ የእናታችን ማጀት ይታወሰን ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ ደህናው ሳንባ የማር እንጀራ ይመስላል፤ ከቀፎ ልዩነቱ ግድግዳው እጅግ ስስ መሆኑና በየክፍሉ ማር ሳይሆን አየር መኖሩ ነው።

ታዲያ ይኸ ሳንባ እንዴት መግል ይቋጥራል? ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው ከአፍ ነው። በአፋችን ውስጥ፣ በተለይ በተበላ ጥርስና በሚደማ ድድ ዙሪያ፣ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ተሕዋስያን ይኖራሉ። ነቅተን ሳለ ምራቅ ወይም ምግብ በተሳሳተ መንገድ ሲወርድ ትን ይለንና በሳል እናወጣዋለን። ትንታ የሳንባ ዘበኛ ነው ማለት ነው። ሰው ግን ካቲካላ ጠጥቶ ራሱን ሳያውቅ ሲተኛ፣ የሚጥል በሽታ ሲጥለው፣ ስትሮክ ሲመታው ወይም በማደንዘዣ ላይ ሳለ ያ ዘበኛ ይተኛል። ምራቁ ከነተሕዋስያኑ ወደ ሳንባ ይንቆረቆራል። የቀኙ የአየር ቧንቧ ከግራው ይልቅ ሰፋና ቀጥ ያለ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ቀኙ ነው። ሰውየው በጀርባው ተኝቶ ስለሆነም ወደ ሳንባው የኋላ ክፍል ይወርዳል። ሐኪሙ ገና ቦታውን አይተው «ይኸ ተኝቶ የወረደ ነው» ይሉ ነበር፤ እኛ እንደ ጥንቆላ ይገርመን ነበር፤ ለካ የቧንቧ ሥራ ነው።

በዐይን ሲታይ መጀመሪያ ያ የሳንባ ክፍል ይቀላና ይከብዳል፤ ስፖንጅነቱ ጠፍቶ ጉበት ይመስላል፤ ውኃ ላይ ቢጥሉት ይሰጥማል። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ መካከሉ ይለሰልሳል፤ ወደ ቢጫ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ መግል ይሆናል። መጠኑ ከምስር ፍሬ ያነሰም አለ፤ ብርቱካን የሚያህልም አለ። ከአፍ የወረደው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው። ከሌላ የሰውነት ክፍል ቁስል በደም ተጭኖ የመጣ ከሆነ ግን በሁለቱም ሳንባ ላይ እንደ ተዘራ እህል ብዙ ሆኖ ይገኛል። መግሉ ወደ አየር ቧንቧ ቀዶ የገባ ዕለት በሽተኛው ድንገት በሳል ብዙ አክታ ያወጣል። ሽታው እቤት አያስቀምጥም። ምክንያቱም እነዚህ የአፍ ተሕዋስያን ብዙዎቹ አየር በሌለበት የሚኖሩ ስለሆኑ ሥጋውን ያበሰብሱታል። መግሉ ሲወጣ ጉድጓዱ ግማሹ መግል ግማሹ አየር ይሆናል፤ ሰውየው ቆሞ ራጅ ሲነሣ፣ በግማሽ እንደተሞላ ጠርሙስ ቀጥ ያለ የውኃ መሥመር ይታያል። የቆየ እንደሆነ ደግሞ በጉድጓዱ ዙሪያ ሰውነት ግድግዳ ይሠራል፤ ነጭ፣ ጠንካራ፣ እንደ ቆዳ የወፈረ፤ ውስጡ ግን የተበጣጠሰ ጨርቅ የለበሰ ይመስላል።

ይህን ሁሉ በእጃችን ጽፈናል። እንግዲህ ወደ ታላቅ ወንድማችን ታሪክ እንምጣ።

ጋሼ ሰበታ ነበር የሚኖሩት፤ በአንድ ፋብሪካ ዘበኛ ነበሩ። የሌሊት ተራ ሲሆኑ ብርድ ለመከላከል ካቲካላ ይቀምሱ ነበር፤ ጥርሳቸውም ገና በጎልማሳነታቸው ተበልቶ ያለቀ ነው። በ1981 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ትኩሳት ያዛቸው። «ብርድ ነው» ተባለ፤ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ተሰጣቸው። የሰፈር ሰው መርፌ ወጋቸው፤ ለሦስት ቀን ተሻላቸውና መልሶ ያዛቸው። ከዚያ ሽታው መጣ። እኛ እሑድ እሑድ ልጆቻችንን ይዘን እንጠይቃቸው ነበር። አንድ እሑድ ከበር ስንገባ ሽታው ተቀበለን፤ «ነቀርሳ ነው» አልን። ማንም አልነገረንም፤ እኛው ነን ያልነው። በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹን አልወሰድንም። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ከመርካቶ አንድ የቆርቆሮ ኩባያ ገዝተን ሄድን፤ የጋሼ ብቻ እንዲሆን። ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «ቀለሙ ጥሩ ነው» አሉን። ሌላ አላሉም።

አክታቸው ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ከነቀርሳ ነጻ ተባሉ። እኛ ግን አላመንንም። መዝገብ ያዥ አይደለን፣ «መዝገብ ይሳሳታል» አልን። እንዲህ እያልን አምስት ወር አለፈ። የጣቶቻቸው ጫፍ አበጠ፤ ጥፍራቸው ቆለመመ፤ ሥጋቸው አለቀ። ሚያዝያ ላይ ደም መትፋት ሲጀምሩ ነው ሆስፒታል የተኙት። ራጁ ጉድጓዱን ከነውኃ መሥመሩ አሳየ። መድኃኒት ተጀመረላቸው፤ ግን ግድግዳው ከወፈረና ደሙም አልቆም ካለ በኋላ ስለሆነ፣ የቀኙን ሳንባ የታችኛውን ክፍል በቀዶ ሕክምና ማውጣት ግድ ሆነ።

የወጣው ሳንባ ወደኛ ክፍል መጣ። ማዘዣው ላይ ስማቸው ከነአባታቸው፣ ማለትም ከኛ አባት ስም ጋር ተጽፏል። ቁጥር ሰጠነው፤ መዝገቡ ላይ ጻፍነው። ሐኪሙ መቁረጥ ሲጀምሩ እኛ ወረቀታችንን ይዘን አጠገባቸው ቆምን። «በዐይን ሲታይ፦ በስተኋላ በኩል 6 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው አንድ ጉድጓድ አለ። ግድግዳው ወፍራምና ነጭ ነው። ውስጡ አረንጓዴ ቢጫ መግል ይዟል። ይሸታል።» ይህን እስከ መጨረሻው ጻፍን። ሐኪሙ ስሙን ከወረቀቱ ላይ ያዩት በኋላ ነው፤ ቀና ብለው አዩንና «ምንህ ነው?» አሉን። ነገርናቸው። «አንተ ስንት ጊዜ ይህን ጽፈሃል?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ እንዲህ ነው። ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ትንንሽ ቁራጭ ይወሰዳል፤ ውኃው በአልኮል ይወጣለታል፤ በቀለጠ ሰም ውስጥ ይነከራል። ሰሙ ሲጠነክር ማይክሮቶም በሚባል መቁረጫ እጅግ በስሱ ይቆረጣል፤ ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ ሺኛ አራት ወይም አምስት እጅ ነው። የሽንኩርት ልጣጭ ከሱ ጋር ሲተያይ እንደ ብርድ ልብስ ነው። መስተዋት ላይ ተለጥፎ ሁለት ቀለም ይቀባል፤ አንደኛው ሄማቶክሲሊን የሚባለው በመካከለኛው አሜሪካ ከሚበቅል ዛፍ እንጨት የሚወጣ ሰማያዊ ቀለም ሲሆን፣ ሁለተኛው ኢዮሲን የሚባል ሮዝ ቀለም ነው። የሴሉ አስኳል ሰማያዊ፣ የቀረው ሮዝ ይሆናል።

ከሳምንት በኋላ ሐኪሙ ጠሩን። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ክፍል ስንሠራ ማይክሮስኮፕ ውስጥ አይተን አናውቅም ነበር። «ተቀመጥ፣ እይ» አሉን። መጀመሪያ የገዛ ሽፋሽፍታችንን ነው ያየነው። ኋላ ሲያስተካክሉልን ታየ። በስተመካከል ቅርጽ የሌለው ሮዝ ጭቃ አለ፤ የሞተ ሳንባ ነው። በላዩ ሰማያዊ ትቢያ ተበትኗል፤ የፈረሱ አስኳሎች ናቸው። ቀጥሎ እንደ ፈሰሰ ጤፍ የታጨቁ ትንንሽ ሴሎች አሉ፤ የያንዳንዳቸው አስኳል እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ሦስት አራት ቦታ ተቋጥሯል። እነዚህ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ተሕዋስያንን ለመዋጋት ከደም ሥር ወጥተው የሚመጡ፣ ተዋግተውም እዚያው የሚሞቱ ናቸው። መግል ማለት የነሱ ሬሳ ነው። እኛ የምንጠየፈው ነገር የኛው ወታደር ሬሳ መሆኑን ያን ዕለት ነው ያወቅነው።

ከዚያ ወደ ውጭ ሲሄዱ ሰውነት ሲጠግን ይታያል። አዳዲስ ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉ፤ እንደ መርፌ ሁለት ጫፋቸው የሾለ ሴሎች ክር እየፈተሉ ግድግዳውን ይሠራሉ። ያ በዐይን ነጭ ሆኖ ያየነው ወፍራም ነገር ይኸው ክር ነው። በክሩ መካከል ሌሎች ዘበኞች ይገኛሉ፤ ፍርስራሹን የሚውጡ፣ ከዋጡም በኋላ አረፋ የሚመስሉ ትልልቅ ሴሎችም አሉ። ከግድግዳው ባሻገር ደግሞ ያ የማር እንጀራው ይጀምራል፤ ግን ለጉድጓዱ የቀረበው ክፍል አየር ሳይሆን እዥና ሴል ሞልቶታል።

ሐኪሙ ቀጥለው ያሉን ነገር ነው ዛሬ ወደዚህ መድረክ ያወጣን። «አሁን የሌለውን ፈልግ» አሉን። «ነቀርሳ ቢሆን ኖሮ መካከሉ መግል ሳይሆን አይብ ይመስል ነበር። በዙሪያው ትልልቅ ሴሎች ይኖሩ ነበር፤ በያንዳንዳቸው ውስጥ ብዙ አስኳል እንደ ፈረስ ኮቴ ዞሮ ተደርድሮ።» ፈለግን፤ የለም። ደግሞም ሌላ ቁራጭ በቀይ ቀለም ቀብተው፣ በአሲድ አጥበው፣ ሰማያዊ ደርበውበት አሳዩን። የነቀርሳ ባክቴሪያ ሰም የመሰለ ልባስ ስላለው ቀዩን ቀለም አንዴ ከያዘ አሲድም አያስለቅቀውም፤ ስለዚህ በሰማያዊ ሜዳ ላይ ቀጭን ቀይ ዘንግ ሆኖ ይታያል። ጀርመናዊው ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 በርሊን ላይ ተገኝቶ ለዓለም ያስታወቀው ይኸንኑ ባክቴሪያ ነው። በጋሼ ሳንባ ላይ ግን አንድም ቀይ ዘንግ አልነበረም። ሦስቱም የአክታ ምርመራ ትክክል ነበር ማለት ነው። መዝገብ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው መዝገብ ያዡ ነው።

ከአፍ በወረደ ተሕዋስያን የመጣ የሳንባ መግል ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በሲኒም፣ በትንፋሽም፣ በመተቃቀፍም። እኛ ያን ኩባያ የገዛነው ለከንቱ ነው።

ነቀርሳም ቢሆን እኮ በሲኒ አይደለም የሚተላለፈው፤ ባልታከመ በሽተኛ ሳል በአየር ነው። መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው የሚሰጠው። ዛሬ ደግሞ ጂንኤክስፐርት የሚባል መሣሪያ መጥቶ የባክቴሪያውን ዘር ከአክታ ላይ በሁለት ሰዓት ገደማ ይለያል፤ በቀይ ቀለም ከመፈለግ ይልቅ ይህ የበለጠ ያገኘዋል።

አይብ የመሰለውን ሳንባ በዐይናችን ያየነው በሰው ላይ ሳይሆን በላም ላይ ነው። ታናሽ እኅታችን ሱሉልታ ላም ታረባለች፤ ሣሩም ወተቱም የዚያ አገር ሀብት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በ2006 ዓ.ም. አንዲት ድቅል ላሟ እያሳለች ከሳችባትና ታረደች። ሳንባዋ ሲከፈት እዚያው ነበርን። ከሳንባዋ አጠገብ ያለው እንክብል ዕጢ የሎሚ ያህል አብጧል። ቢላ ሲገባበት አሸዋ የነካ ይመስል ተንኮሻኮሸ፤ ውስጡ ቢጫ፣ ደረቅ፣ ፍርፍር የሚል ነው። አይፈስም፣ አይሸትም። «ይኸ መግል አይደለም» አልናት፤ ከእንስሳት ሐኪሙ ቀድመን መናገራችን ነው፤ እሳቸውም የላም ነቀርሳ ነው አሉ። የሰው ነቀርሳ የአጎት ልጅ ነው። እኅታችን የዚያን ዓመት ኪሣራዋን እስከ ዛሬ ታወራለች።

ነገሩ የሷ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ከብቶች ላይ ምርመራ ተደርጎ፣ ወደ 3,000 ከሚጠጉት ከብቶች 30 በመቶው የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። የፈረንጅ ዘር ያለባቸው ላሞች ከአገራችን ላም ይልቅ በዚህ በሽታ እንደሚጠቁም ታውቋል። ሰበታ ላይ ያለው፣ ቀድሞ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ምርመራ ማዕከል ይባል የነበረው፣ የዛሬው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እንዲህ ያለውን የእንስሳት በሽታ የሚመረምር ቤት ነው። ብዙዎቻችን በደጁ እናልፋለን እንጂ ምን እንደሚሠራበት አናውቅም። ይህ የላም ነቀርሳ ባልተፈላ ወተት ወደ ሰው ሊገባ ይችላል፤ በአገራችን ግን ከሰው ነቀርሳ ውስጥ ከላም የመጣው እጅግ ጥቂት ሆኖ ነው የተገኘው። ወተት የምትሸጡ አባሎች አሁን በክፉ ዐይን እንዳታዩን፤ ማፍላት በቂ ነው።

ሌሎችም በራጅ ወይም በዐይን መግል የሚመስሉ ነገሮች አሉ። ከውሻ የሚመጣው የትል ከረጢት አለ፤ እሱ ሲከፈት ጥርት ያለ ውኃ የያዘ፣ እንደተቀቀለ እንቁላል ነጭ ልባስ ያለው ነው። አሜባ በጉበት ላይ የሠራው መግል ዲያፍራሙን ቀዶ ወደ ቀኙ ሳንባ የሚወጣበት ጊዜም አለ፤ ያ ቡናማ ነው፤ ቸኮላት ይመስላል። ካንሰርም ውስጡ ሞቶ ጉድጓድ ሊሆን፣ ወይም ቧንቧ ዘግቶ ከበስተኋላው መግል ሊያስቋጥር ይችላል። በተለይ ዕድሜው የገፋና ሲጋራ ያጨስ የነበረ ሰው ከታከመ በኋላም እንደገና ራጅ እንዲነሣ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ልጅ ባቄላ ወይም ኦቾሎኒ ትን ብሎት በቧንቧው የቀረ እንደሆነም እንዲሁ ነው።

ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት የሳንባ መግል ከያዛቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ይሞቱ ነበር ይባላል። ዛሬ በጊዜ የመጣ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መድኃኒት ይወስዳል እንጂ አብዛኛው ቢላ አይነካውም። የጋሼን ሳንባ የወሰደብን ያ አምስት ወር ነው። የአምስቱ ወር ግማሽ ደግሞ በኛ ወሬ የጠፋ ነው፤ ነቀርሳ የተባለ ሰው ከሰው ይደበቃል እንጂ ሐኪም ቤት አይሄድማ።

ስለ ወሬ ካነሣን ዘንድ ስለ መዝገብም እንናገር፤ ሙያችን ነውና ታገሡን። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በአዲስ አበባ መካነ መቃብሮች ሁሉ መዝጋቢ አስቀምጠው፣ የሟቹን ዕድሜና ቤተ ዘመድ የሚናገረውን የሞት ምክንያት ያስጽፉ ነበር። ከዚያም ከቤቶቹ የተወሰኑትን እየመረጡ ሄደው ሕመሙ እንዴት እንደጀመረ፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ሳል ነበረው ወይ፣ ከስቶ ነበር ወይ እያሉ ይጠይቁ ነበር። ሐኪሞች ያንን አንብበው ምክንያቱን ይወስናሉ። ይህ ሁሉ የተደረገው ኤች.አይ.ቪ. ስንት ሰው እንደገደለ ለማወቅ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ስሙን መጥራት ስለሚፈራ ቤተሰብ «ሳንባ ነው»፣ «ብርድ ነው» ይል ነበር። እኛም እድርተኞች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ራሳችንን ነቅንቀን «ሳንባ ነው አሉ» ብለናል። እንዲህ ሆኖ «ሳንባ» የሚለው ቃል የበሽታ ስም መሆኑ ቀርቶ መሸፈኛ ሆነ። ከከተሞቻችን ጋር ሸገር ከተማ ከሆንንበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በልቅሶ ቤት ቃሉ ያው ነው።

ወደዚያ ክረምት ላይ ከድንኳን ወጥተው ወደሄዱት አባላችን ስንመለስ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ቤታቸው ሄድን። የሄድነው የራሳችንን ሲኒ ይዘን ሳይሆን የሳቸውን ሲኒ ለመጠጣት ነው። ጥርሳቸውን እንዲያሳዩን ለመንናቸው፤ ሳቁብን፤ ግን አሳዩን። አብረን ሄደን አክታቸው ተመረመረ፤ ራጅ ተነሡ። ነቀርሳ አልነበረም። በቀኝ፣ በስተኋላ፣ የውኃ መሥመር ያለው ጉድጓድ ነው። ገና ግድግዳው ስስ ነበር። ለስድስት ሳምንት መድኃኒት ወሰዱ፤ ሁለት ጥርስ አስነቀሉ። ስማቸውን እንዳንጠራ አስጠንቅቀውናል፤ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ማን እንደሆኑ የምታውቁ ዝም በሉ። ያን ቀን የተጻፈባቸው ቅጣት እንዲነሣላቸው ግን ኮሚቴውን እንጠይቃለን።

ሁለተኛም ጥያቄ አለን። ጋሼ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ 22 ዓመት ኖሩ። ካቲካላውን ትተው፣ ዳገት ላይ እያረፉ፣ ግን ደህና ሆነው ኖሩ። ኩባያዋን አልጣሏትም ነበር፤ አበባ ተክለውባት ከመስኮታቸው ላይ ትቀመጥ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ስትሮክ መትቷቸው በአራተኛው ቀን አረፉ። እኛ በዚህ እድር ወንድማችን ብለን አስመዝግበናቸው ስለነበር ተከፍሎናል፤ ድንኳኑም ሰበታ ድረስ ሄዷል፤ ለዚህ እስከ ዛሬ እናመሰግናለን። በዚያን ጊዜ የነበረው ጸሐፊ የሞቱን ምክንያት ሲጠይቀን «ስትሮክ ነው» አልነው። እሱ ግን የቀድሞውን ወሬ ሰምቶ ኖሮ «ሳንባ» ብሎ ጻፈ። ባለፈው ሳምንት ይህን ንግግር ስናዘጋጅ መዝገቡን አስወጥተን አየነው፤ አሁንም እንደዚያው ነው። ቃሉ በአንድ መሥመር ተሰርዞ፣ ከጎኑ «ስትሮክ» ተብሎ፣ በዳኛውና በጸሐፊው ፊርማ እንዲታረምልን እንጠይቃለን። መዝገብ እንዲህ ነው የሚታረመው፤ አይፋቅም። ሰማያዊው መዝገብ ነው፤ ገጹን እናሳያለን።